ለቡና መጋዘንና ለቢሮ የሚሆን ተገጣጣሚ ቤት፦ አጽሙ ብረት ይሁን ወይስ እንጨት?

ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በአጋሮ መንገድ ቦታ ያላቸው አንድ የቡና ነጋዴ የሚከተለውን ጠይቀዋል። ወርዱ 8 ሜትር፣ ርዝመቱ 18 ሜትር የሆነ ፎቅ የሌለው ተገጣጣሚ ቤት ማቆም ይፈልጋሉ፤ ከርዝመቱ 12 ሜትሩ የቡና መጋዘን፣ ቀሪው 6 ሜትር ቢሮና የጥበቃ ማደሪያ ይሆናል። አንድ አቅራቢ የብረት አጽም ከሳንድዊች ፓነል (በሁለት ስስ ላሜራዎች መካከል ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚከላከል ነገር ከተሞላበት ሰሌዳ) ጋር ከአዲስ አበባ አምጥቶ እንደሚገጥምላቸው፣ በጅማ ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ደግሞ በእንጨት አጽም የተሠሩ ግድግዳዎችን አዘጋጅቶ ቦታው ላይ እንደሚያቆምላቸው ነግረዋቸዋል። «ብረቱን ዝገት፣ እንጨቱን ምስጥ ይጨርሰዋል እየተባልኩ ግራ ገባኝ፤ የትኛው ይበረታል፣ የትኛውስ ይረክሳል?» ይላሉ። የሚቀጥለው የቡና ለቀማ ሳይደርስ ቢያልቅላቸውም ይወዳሉ።

ውድ ጠያቂ፣ ፍርዴን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን ከዚያ ላስከትል። መጋዘኑን በብረት ያሠሩት። ቢሮውንና ማደሪያውን በእንጨት ቢያሠሩት እመርጣለሁ፤ ይህን የምለው ግን ወርክሾፑ የደረቀ እንጨት እንዳለው በዓይንዎ አይተው ካረጋገጡ ብቻ ነው። ያለው እንጨት እርጥብ ከሆነ ሁሉንም በብረት ማሠራቱ ይሻላል። ስለዚህ ከሁለቱ አቅራቢዎች ዋጋ ከመቀበልዎ በፊት ለእንጨት ሠሪው «እንጨቱ መቼ ተሰነጠቀ? የት ደረቀ?» የሚለውን ጥያቄ ቢያቀርቡለት ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ ትልቁን ክፍል በራስዎ ይመልሱታል።

ስለ ጥንካሬ የሚነሳው ክርክር ለእርስዎ ቤት ብዙ አይጠቅምም። ፎቅ የሌለው ቤት ግድግዳ የሚሸከመው ጣሪያውንና ነፋሱን ነው፤ ይህን ደግሞ በአግባቡ የተሠራ እንጨትም ሆነ ስስ ብረት ያለ ችግር ይሸከመዋል። ብረት ከባድ ነው የሚለው ግምትም በዚህ ሥራ ላይ አይሠራም። አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ ግራም፣ ያው መጠን ያለው ደረቅ የፈረንጅ ጥድ ግን ወደ 450 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን እውነት ነው። ነገር ግን ወርዱም ቁመቱም 2.4 ሜትር የሆነ፣ ቋሚዎቹ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ የተተከሉ ግድግዳ ብንወስድ፣ 5 በ10 ሴንቲ ሜትር በሆነ እንጨት የተሠራው አጽም ወደ 40 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው፣ 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው በታጠፈ ላሜራ የተሠራው 26 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጥቂት ሰዎች ተሸክመው ያቆሟቸዋል፤ ክሬን አያስፈልግም። ብረቱ በእርግጥ የሚበልጥበት ቦታ በመካከል ያለ ምሰሶ 8 ሜትር መሻገር ሲያስፈልግ ነው፤ መጋዘንዎ ይህን ይፈልጋል፤ ጆንያ በሚደረደርበትና ሰው ተሸክሞ በሚመላለስበት ቤት መካከል ምሰሶ ማቆም ለዘለቄታው ያስቸግራል። ከእንጨትም 8 ሜትር የሚሻገር ትረስ (ጣሪያውን የሚሸከም አጽም) ይሠራል፤ ሆኖም መጋጠሚያዎቹ ብዙ ጥንቃቄና የተመረጠ እንጨት ይጠይቃሉ። ቢሮው ግን በመካከሉ ግድግዳ ስለሚኖረው ስምንቱ ሜትር ለሁለት ይከፈላል፤ 4 ሜትር ለእንጨት ቀላል ነው።

ዋናው ልዩነት ያለው ልኬት ላይ ነው። የለመድነው ቤት ሲሠራ አናጢው እያንዳንዱን እንጨት ቦታው ላይ እየለካ፣ እየቆረጠና እያስተካከለ ይሄዳል፤ አንዱ ቢጣመም ሌላውን ያካክሰዋል። ተገጣጣሚ ቤት ይህን ዕድል አይሰጥም። ግድግዳው ወርክሾፕ ውስጥ ያለቀ ነው፤ በሩና መስኮቱ ተቆርጧል፤ ቦታው ላይ ሲደርስ ከጎረቤቱ ግድግዳ ጋር በጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት መግጠም አለበት። ብረት ከወርክሾፕ ሲወጣ የነበረውን ልኬት እንደያዘ ይደርሳል፤ 6 ሜትር የሚረዝም ብረት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢለዋወጥ እንኳ ርዝመቱ የሚለወጠው በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ግን እየደረቀ ሲሄድ በወርዱ ከመቶ ስድስት እጅና ከዚያም በላይ ሊኮማተር ይችላል፤ 10 ሴንቲ ሜትር የነበረው ጣውላ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎድላል ማለት ነው። ኩምትሩም በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስላልሆነ እንጨቱ ይጠማዘዛል። በእርጥብ እንጨት የተሠራ ግድግዳ በወርክሾፑ በር ሲወጣ ቀጥ ያለ ነው፤ ክረምት አልፎ በጋ ሲገባ በሩ አይዘጋም፣ በመጋጠሚያዎቹ በኩል ብርሃን ይታያል፣ ምስማሩም ይላላል። ሰዎች «እንጨት አይሆንም» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይተው ነው፤ በእኔ እምነት ግን ጥፋቱ የማድረቁ ነው።

በጅማ እንጨት ማድረቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝና የዝናቡም ወራት የሚረዝምባት ናት። እንጨት የሚደርቀው በዙሪያው ያለው አየር እስከፈቀደለት ድረስ ነው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 65 በመቶ ሲሆን በጥላ ሥር ያለ እንጨት ቀስ በቀስ ወደ 12 በመቶ እርጥበት ይወርዳል፤ 80 በመቶ ሲሆን 16 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል። ለግድግዳ አጽም ከ12 እስከ 15 በመቶ በቂ ነው፤ ከ20 በመቶ በላይ ከቆየ ደግሞ ሻጋታና ብስባሴ ይጀምረዋል። ስለዚህ የእንጨት ማድረቂያ ምድጃ የሌለው ወርክሾፕ እንኳ በጅማ ለሥራው የሚመጥን እንጨት ሊያዘጋጅ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ጣሪያ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ክፍት ጎን፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ በየድርድሩ መካከል የሚገቡ ቀጫጭን መለያ እንጨቶች፣ ከላይ የሚጫን ክብደትና ጊዜ ነው። 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጥድ ጣውላ በበጋ ሁለት ሦስት ወር ይበቃዋል፤ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ከዚያ በእጥፍ የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ እንዳይሰነጠቅ ጫፎቹ በቀለም ተሸፍነው ይበልጥ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት።

መድረቁን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ከጣውላው መካከል (ከጫፉ አይሁን፤ ጫፉ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል) ትንሽ ቁራጭ ያስቆርጡና በትክክለኛ ሚዛን ያስመዝኑ፤ ከዚያ ከ100 ዲግሪ ጥቂት በላይ በሆነ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ይድረቅና እንደገና ይመዘን። የጠፋው ክብደት ለደረቀው ክብደት ሲካፈል የእርጥበቱ መጠን ነው። 130 ግራም የነበረው 100 ግራም ከሆነ እንጨቱ 30 በመቶ እርጥበት ነበረው፤ ይህን እንጨት አይቀበሉ። 114 ግራም የነበረው 100 ከሆነ ደስ ብሎዎት ይቀበሉት።

የእንጨቱን ዓይነት በተመለከተ የፈረንጅ ጥድ፣ ግራቪላና በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ ለአጽም ይሆናሉ። ሦስቱም ሰው የሚተክላቸው ናቸው፤ ቢቆረጡም ይተካሉ። ዋንዛ፣ ዝግባ ወይም የሐበሻ ጥድ እናቀርባለን ካሉዎት ግን አይቀበሉ። እነዚህን ዛፎች ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ ተከልክሏል፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ ዋንዛን በጂብሰም ቦርድ ተሸፍኖ ለሚቀር የግድግዳ ቋሚ ማዋል የሚያሳዝን ብክነት ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ በርጩማ ስሙን ያገኘው በእንዲህ ያለ እንጨትና በሠሪው እጅ ነው፤ ዋንዛው ለዚያ ይቆይ። ለማናቸውም እንጨት የመጣበትን ቦታና የማጓጓዣ ፈቃዱን ይጠይቁ።

ምስጥን በተመለከተ የሰጉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ምስጡ የሚመጣው ከመሬት መሆኑን ካስታወስን መከላከያውም ከመሬት ይጀምራል። የእንጨቱ ታችኛ አግዳሚ ከአካባቢው መሬት ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ላይ ይቀመጥ። በመሠረቱና በእንጨቱ መካከል ዳር ዳሩ ወደ ውጭና ወደ ታች የታጠፈ ላሜራ ይነጠፍ፤ ምስጥ ላሜራውን ተሻግሮ ለመውጣት የጭቃ መንገዱን በግልጽ ቦታ ላይ መሥራት ስለሚገደድ በዓይን ይታያል፣ በእጅም ይፈርሳል። ይህ የሚጠቅመው በቤቱ ዙሪያ የሚዞር ሰው ካለ ነው፤ አፈር፣ ማገዶ ወይም የቡና ገለባ ግድግዳውን አስጠግቶ መከመር መከላከያውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ጣሪያ ሥር ለሚውል እንጨት በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሁድ ማጠብ ጥሩ ነው፤ መድኃኒቱ ገና እርጥብ በሆነ እንጨት ውስጥ በደንብ ስለሚሰርግ ከመድረቁ በፊት ቢደረግ ይመረጣል። ዝናብ የሚነካው እንጨት ላይ ግን በውሃ እየታጠበ ስለሚወጣ አይረዳም። በየቦታው የተለመደው የተቃጠለ ሞተር ዘይት መቀባት ሽፋኑን ያጠቁረዋል እንጂ ወደ ውስጥ ብዙ አይገባም፤ አልመክረውም። ብረት ቤትም ቢሆን ከምስጥ ጨርሶ አያመልጥም። ምስጡ ብረቱን ባይበላም በወለሉ ስንጥቅ ወጥቶ፣ በቋሚው ባዶ ሆድ ተጉዞ ኮርኒሱን፣ የችፑድ በሩንና ጆንያውን ያገኛቸዋል፤ እንዲያውም በተዘጋው ብረት ውስጥ ስለሚሄድ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

እንጨት በዚህ አካባቢ ዕድሜ እንዳለው ለማየት ከጅማ አጠገብ ወዳለችው ጅሬን ወጣ ማለት ይበቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠራው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ብዙው ክፍሉ እንጨት ነው፤ ጉዳትም ጥገናም ያየ ቤት ቢሆንም ዛሬም ቆሟል። እኔ ሁልጊዜ ተማሪዎችን የማሳያቸው ክፈፉንና በረንዳውን ነው፤ ዝናቡ ዋናውን ግድግዳ እንዳይመታው ጣሪያው ርቆ ወጥቷል። የእርስዎ ቢሮ ጣሪያም ከግድግዳው ቢያንስ ከ80 ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ይውጣ። አቅራቢዎች ቆርቆሮ ለመቆጠብ 30 ሴንቲ ሜትር ያደርጉታል፤ የሚቆጠበው ገንዘብ በጥቂት ዓመት ውስጥ በግድግዳ እድሳት ይወጣል።

አሁን ወደ ብረቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ «የብረት አጽም» በሚል አንድ ስም ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። አንደኛው ጥቁር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ቦታው ላይ እየተቆረጠና እየተበየደ፣ ከዚያም አንቲረስት የሚባለው የዝገት መከላከያ ቀለም እየተቀባ የሚሠራው ነው። ሁለተኛው ዚንክ ከተቀባ ላሜራ በማሽን ታጥፎ፣ ተቆርጦና ተበስቶ የሚመጣው፣ በብሎን ብቻ የሚገጠመው ነው። ተገጣጣሚ ሊባል የሚገባው ሁለተኛው ነው። ስስ ቱቦላሬ ሲበየድ በመጋጠሚያው ዙሪያ ያለው መከላከያ ይቃጠላል፤ ውጪውን ቀለም ቢሸፍነውም በቱቦው ውስጥ የተቃጠለውን ማንም አይደርስበትም። ጫፉ ካልተደፈነ ውሃ ይገባበታል፣ መውጫም ስለሌለው ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፤ ቀለሙ መነፋት ሲጀምር ብረቱ አልቋል። ለመጋዘኑ ዋና ምሰሶዎችና ትረሶች ወፈር ያለ ቱቦላሬ መጠቀም የግድ ከሆነ ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ብየዳው በወርክሾፕ ይጠናቀቅ፤ ጫፎቹ ሁሉ በላሜራ ይደፈኑ፤ የተበየደው ቦታ ተቦርሾ ዚንክ የበዛበት ቀለም ይቀባ፤ ቦታው ላይ ግን በብሎን ብቻ ይገጠም።

ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲገዙ «ጋላቫናይዝድ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የዚንኩን መጠን ይጠይቁ። 275 ግራም በካሬ ሜትር የሚባለው ደረጃ የሁለቱን ፊት ድምር የሚያመለክት ሲሆን በአንድ ፊት 20 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ ይሆናል። ከባሕርና ከፋብሪካ ጭስ በራቀ የገጠር አየር ዚንክ በዓመት ከአንድ ማይክሮን በታች ስለሚያልቅ፣ ግድግዳ ውስጥ የተሸፈነ አጽም በዚህ ሽፋን ለብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል። 100 ግራም ብቻ የተቀባው ግን በአንድ ፊት 7 ማይክሮን ነው፤ በዋጋ ቢረክስም ለእርጥብ አገር አይሆንም። የምሰሶዎቹ እግር ከወለሉ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የኮንክሪት ጉብታ ላይ ይቁም፤ ወለል ሲታጠብ ወይም ዝናብ ሲገባ ውሃው እግሩ ላይ እንዳይተኛ። የብረት ምሰሶ ሲበሰብስ የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ቦታ ጀምሮ ነው።

ለቡና ነጋዴ ግን ከዝገቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ላቡ ነው። ብረት ሙቀትን ከእንጨት ከ350 ጊዜ በላይ ያስተላልፋል። በጅማ ቀኑ ሞቅ ይላል፣ ሌሊቱ ደግሞ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር በጣም ይቀዘቅዛል፤ ባዶ የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩም በታች ይወርዳል። በመጋዘኑ ውስጥ 20 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ካለ፣ ከ16 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ያለ ማንኛውም ገጽ ላይ ጤዛ ይፈጠራል። ንጋት ላይ ቆርቆሮው ያልበዋል፣ ላቡም በማገሩ ተንጠባጥቦ ጆንያው ላይ ያርፋል። 11 በመቶ ገደማ እርጥበት ይዞ የገባ ቡና ከላይ ያለው ድርድር ብቻ ይረጥባል፣ ቀለሙ ይነጣል፣ ይሻግታል፤ ባለቤቱም ጣሪያው የሚያፈስ መስሎት ቆርቆሮ ያስለውጣል። ስለዚህ የመጋዘንዎ ጣሪያ ነጠላ ቆርቆሮ መሆን የለበትም። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንድዊች ፓነል የውስጡን ገጽ ስለማያቀዘቅዘው ይህን ችግር ይፈታል፤ መጋጠሚያዎቹ በደንብ ከታሸጉና ምሰሶና ማገር ከውጭ ወደ ውስጥ ዘልቀው ቅዝቃዜ የሚያሳልፉበት ቦታ ከሌለ ማለቴ ነው። ከዚህም ጋር ከግድግዳው ታችና ከጣሪያው ጫፍ አየር የሚያስገቡና የሚያስወጡ፣ ወፍና አይጥ የማያሳልፍ ወንፊት ያላቸው ቀዳዳዎች ይኑሩት። ከወለሉ ኮንክሪት ሥር ፕላስቲክ ይነጠፍ፣ ጆንያው በፓሌት ላይ ይደርደር፣ ከግድግዳውም ግማሽ ሜትር ይራቅ፤ ይህ ግድግዳውንም ያድናል፤ ተገጣጣሚ ግድግዳ የጆንያ ክምር እንዲደገፍበት አልተሠራም።

መጋዘኑን በእንጨት እንዳያሠሩ የምመክርበት ሌላው ምክንያትም ከዚሁ ከቡናው ጋር የተያያዘ ነው። ቡና ሽታ ይቀበላል። ለምስጥና ለብስባሴ የሚሠሩ ጠንካራ መድኃኒቶች፣ በተለይ ለስልክና ለመብራት ምሰሶ የሚውለው ክሪዮሶት፣ ሽታቸው የሚቆይና ለምግብ ቅርብ መሆን የማይገባቸው ናቸው። መድኃኒት ያልተቀባ እንጨት ምስጥ ይፈራለታል፤ የተቀባው ደግሞ ቡናው ይፈራለታል። ቢሮው ግን ይህ ችግር የለበትም፤ ከእንጨት የተሠራ ክፍል ግድግዳው ሌሊት የማያልብ፣ መደርደሪያም ሆነ የመብራት ሳጥን በቀላሉ የሚመታበት ስለሆነ ሰው ቢውልበት ቢያድርበት ይስማማዋል።

ስለ እሳት በአጭሩ ልናገር። እንጨት ይቃጠላል፤ ገጹ በደቂቃ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ከሰልነት እየተለወጠ ይሄዳል። ወፍራም ምሰሶ ከሆነ ውስጡ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ቋሚ ግን ከሁለት ወገን እሳት ከነካው ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚተርፈው አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ብረት አይቃጠልም፤ ሆኖም 600 ዲግሪ ላይ ከነበረው ጥንካሬ ከግማሽ በታች ይቀረዋል፤ ስስ ላሜራ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ እዚያ ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱንም የሚጠብቃቸው ሽፋኑ ነው፤ ቢሮው ከውስጥ በጂብሰም ቦርድ ይሸፈን። የሳንድዊች ፓነሉን ሆድ ግን በጣም ይጠይቁ። ነጭ ፎም የሆነው በእሳት ይቀልጣል፣ እየነደደ ይንጠባጠባል፣ ጥቁር ጭስም ይሞላል፤ ከድንጋይ ሱፍ የተሠራው ቢከብድና ቢወደድም አይነድም። መጋዘንዎ ውስጥ ያለው ቡና ከቤቱ የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ስለሚችል ልዩነቱን ቢከፍሉ ይሻልዎታል። የብረቱ አጽም በመሬት ሽቦ መያያዝ አለበት፤ በብረት ቋሚ ቀዳዳ የሚያልፍ የመብራት ሽቦም በላስቲክ ወይም በቱቦ ካልተከለለ ስለታሙ ጠርዝ ይቆርጠውና ግድግዳው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። መብረቅ በሚበዛበት አካባቢ ይህ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ተገጣጣሚ ቤት ቀላል በመሆኑ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ይጠቀማል፤ በነፋስ ጊዜ ግን ይጎዳል። 144 ካሬ ሜትር የሆነው ጣሪያዎ ከነማገሩ በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ቢመዝን በድምሩ ከ2 ቶን ጥቂት ይበልጣል። ኃይለኛ ነፋስ በካሬ ሜትር 40 ኪሎ ወደ ላይ ቢስበው ግን ጠቅላላ ስበቱ ወደ 6 ቶን ይጠጋል፤ ጣሪያውን የሚይዘው ክብደቱ ሳይሆን ብሎኑ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው፣ ግድግዳው ከመሠረቱ ሳይቋረጥ መታሰር አለበት፤ በእንጨት ግድግዳ ታችኛ አግዳሚ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን በየ1.2 ሜትሩና በየማዕዘኑ አጠገብ ይግባ። እንዲሁም ያለ ሰያፍ ማጠናከሪያ የቆመ አራት ማዕዘን፣ ብረትም ይሁን እንጨት፣ ሲገፉት እንደ ክብሪት ሳጥን ይጋደማል። በእንጨቱ ኮምፔንሳቶ ወይም ሰያፍ ጣውላ፣ በብረቱ በመስቀል ቅርጽ የተወጠረ ጠፍጣፋ ላሜራ ይህን ይከለክላል። በአቅራቢው ሥዕል ላይ ሰያፍ መስመር ካላዩ ይመልሱለት።

ስፋቱን በተመለከተ አንድ የሕግ ነጥብ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፎቅ የሌለውን ቤት ቀላል በሆነው ምድብ ‹ሀ› ውስጥ ያስገባው በሁለት ተሸካሚ አጽሞች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ካልበለጠ ነው። የእርስዎ መጋዘን 8 ሜትር ስለሚሻገር በዚህ አመዳደብ ወደ ምድብ ‹ለ› ይገባል፤ የባለሙያ ዲዛይንም ይጠየቅበታል። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት ሥዕሉን ይዘው የአካባቢዎን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩና አሁን የሚሠሩበትን መመሪያ ይጠይቁ። ወርዱን 7 ሜትር ማድረግ ይበቃኛል ካሉም የመጋዘኑ የብረት ዋጋ ይቀንሳል።

ዋጋን በተመለከተ ቁጥር አልጽፍልዎትም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም። ብረቱም ሆነ ፓነሉ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ስለሆነ፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ አቅራቢዎች ዋጋቸውን ለጥቂት ቀናት ብቻ ያጸናሉ። የእንጨቱ ዋጋ ከብረቱ ይልቅ የተረጋጋ ነው፤ ገንዘቡም በአብዛኛው እዚሁ ለዛፍ ተካዩ፣ ለሰንጣቂውና ለአናጢው ይደርሳል። ሁለቱን ዋጋዎች ሲያነጻጽሩ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር መያዛቸውን ያረጋግጡ፤ አንደኛው መሠረትን፣ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ማጓጓዣ፣ ኮርኒስንና አሸንዳን ሳይጨምር «ይረክሳል» ይባል ይሆናል። ለእንጨቱ በየጥቂት ዓመቱ የሚደገም ቀለምና የምስጥ ቁጥጥር፣ ለብረቱ የመጋጠሚያ ማሸጊያና የተጫጫረ ቦታ ቀለም በሂሳቡ ይግቡ።

መሠረቱን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ያድርጉለት። ቦታዎ ረባዳና አፈሩ ጥቁር መረሬ ከሆነ፣ አፈሩ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ቀላል ቤትን ያነሳዋል፣ ይጥለዋልም፤ ይህን አፈር አስወጥቶ በተጠቀጠቀ ቀይ አሸዋ ወይም ጠጠራማ አፈር መተካት ያስፈልጋል። የመሠረቱ ራስ በውሃ ልክ ተለክቶ ከዳር እስከ ዳር ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከዚህ የበለጠ ጠማማ መሠረት ላይ የትኛውም ተገጣጣሚ ግድግዳ አይገጥምም።

በመጨረሻ ጊዜውን እንይ። በጅማ ዙሪያ ለቀማው የሚበዛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ደረቁ ወቅትም በዚያው ጊዜ ይጀምራል። እንጨት ከዛሬ ተሰንጥቆ ለዚህ ለቀማ አይደርቅም፤ ወርክሾፑ አስቀድሞ ያደረቀው ከሌለው በቀር ይደርሳል የሚልዎትን አይመኑ። የብረቱ አጽም ግን ክረምቱን ሙሉ በጣሪያ ሥር ሊቆረጥና ሊበሳ፣ ዝናቡ ሲቀንስም ቦታው ላይ ሊገጠም ይችላል። ስለዚህ መሠረቱን ለ18ቱም ሜትር በአንድ ጊዜ ያስገንቡ፤ መጋዘኑን ዘንድሮ በብረት ያቁሙ፤ ለቢሮው የሚሆነውን እንጨት በኅዳር አሰንጥቀው፣ በመድኃኒቱ አጥበው፣ በጥላ ሥር ይደርድሩትና በሚቀጥለው በጋ መጀመሪያ ግድግዳው ይሠራ። ሁለቱ አጽሞች እርስ በርስ አይታሰሩ፤ አንዱ በሙቀት፣ ሌላው በእርጥበት ስለሚንቀሳቀስ በመካከላቸው 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተውና ከላይ ከመጋዘኑ በኩል ብቻ በተመታ ላሜራ ይከደን። የቢሮውን መያዣ ብሎኖች ደግሞ አሁን ከኮንክሪቱ ጋር አያስቀብሩ፤ ግድግዳዎቹ ደርሰው ቦታቸው ላይ ከተሰለፉ በኋላ በመሰርሰሪያ ተበስቶ የሚገባውን ዓይነት ይጠቀሙ።